የአደባባይ ሥዕል ከመጥፋቱ በፊት ሠሪውና ሠፈሩ ይጠየቁ
ለከተማችን የመንገድ ዳርና የአደባባይ ማስዋብ ሥራ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በግድግዳ ሥዕልና በአደባባይ ቅርጻ ቅርጽ ሥራ የተሰማራን፣ አብዛኞቻችንም በትምህርት ቤቶችና በወጣት ማዕከላት ሥዕል የምናስተምር አሥራ አራት ባለሙያዎች ነን። ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ ሠፈር በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አጥር ላይ የሠራነው የግድግዳ ሥዕል ያለ ምንም ማስታወቂያ በግራጫ ቀለም ተሸፈነ። ነገሩን በቃልም በጽሑፍም ለማስረዳት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስንመላለስ ከረምን። ያስገባነው ማመልከቻ እስከ ዛሬ መልስ ስላላገኘ፣ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው የሙያ ባልደረቦቻችንም እየበዙ ስለመጡ፣ ሕዝብ እያየው በግልጽ ልንጽፍላችሁ ወሰንን።

ስለ ሥዕሉ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁ፤ ምን እንደጠፋ ሳይታወቅ ስለ መጥፋቱ መነጋገር አይቻልምና። ሥዕሉ 36 ሜትር ርዝመትና ከ2 ሜትር በላይ ቁመት ነበረው። ለመሥራት ሰባት ሳምንት ፈጀብን፤ ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ሳምንታት ያለፉት ቀለም ሳንነካ ነው። አጥሩ ርጥበት ይዞ ስለነበር የላላውን ልስን ፍቀን አነሣን፣ የተሰነጠቀውን በስቱኮ ደፈንን፣ እስኪደርቅ ጠብቀን ከዚያ በኋላ ነው ከቀለም በፊት የሚቀባውን መሠረት፣ ፕራይመሩን የቀባነው። የከተማችን ክረምት ሲመጣ ሥዕል እንዳይላጥ የሚያደርገው ይህ ማንም የማያየው ሥራ ነው። ሥዕሉ አምስት ክረምት አልፎበት አንድም ቦታ አልተላጠም ነበር።

ምን እንደሚሣልም የወሰንነው እኛ ብቻ አልነበርንም። ብሩሽ ከማንሣታችን በፊት ሦስት ቅዳሜ ከሠፈሩ ሰው ጋር ተቀምጠን ተመካክረናል። ሸማኔዎቹ መወርወሪያው በእጅ ተይዞ ሳይሆን በድሩ መሃል ሲያልፍ እንዲሣል ጠየቁ፤ የሥራቸው ትርጉም ያለው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው አሉን። ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩት እናቶች በበኩላቸው ከሸክሙ ሥር ጎብጠው መታየት አልፈለጉም። ሸክሙን ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ አረፍ ብለው፣ ውሃ ሲጠጡ ነው ራሳቸውን ማየት የፈለጉት። እንዳሉት አድርገን ሣልናቸው። የትምህርት ቤቱ ልጆች ደግሞ ከአጥሩ ግርጌ ጀምሮ እጃቸው እስከሚደርስበት ድረስ ያለውን የጥለት ሐረግ ሞሉት። ይህ ሁሉ ሲሆን ከወረዳው የተሰጠን፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበት የፈቃድ ደብዳቤ በእጃችን ነበር፤ ዛሬም አለ።

በሥዕሉ ቀኝ ጠርዝ፣ በአጥሩ ጥግ ለብዙ ዓመታት ዳቦና ቆሎ ሲሸጡ የኖሩ አንዲት እናት ተሥለው ነበር። ሥዕሉ ባለቀ በዓመቱ አረፉ። ልጆቻቸው የሙት ዓመታቸውን ዝክር ካበሉ በኋላ መጥተው በሥዕሉ ፊት ቆመው ፎቶግራፍ ሲነሡ አይተናል። ግራጫው ቀለም ሲቀባ እሳቸውም ከሌላው ጋር አብረው ተሸፈኑ። ቀቢዎቹ አጥሩን ተደግፋ የቆመችን አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ሳያነሡ ዙሪያዋን ብቻ ቀብተው ነበርና፣ ከወራት በኋላ ሱቋ ስትነሣ ከኋላዋ የአንድ ክንድ ስፋት ያህል ሥዕል ብቅ አለ፦ የቆሎ መስፈሪያዋን ጣሳ የያዘ ቀኝ እጅ፣ የነጠላው ጥለት አረንጓዴ ጫፍ፣ ከጣሳው የተረፉ አምስት የገብስ ፍሬዎች። ከሥዕሉ የቀረው ይኸው ነው። ልጃቸው በነጋታው ደውላ፣ ለቅሶ እየተናነቃት፣ እንዳይቀባ ምን ማድረግ እንደምትችል ጠየቀችን። የምንመልስላት አልነበረንም።

ቀለሙን የቀቡትን የቀን ሠራተኞች አንወቅስም። በቦታው የነበሩ ወላጆች እንደነገሩን ከሠራተኞቹ አንዱ ፊቶቹ ጋር ሲደርስ ሮለሩን አስቀምጦ ‹‹ይህም ይቀባ?›› ብሎ አለቃውን ሁለት ጊዜ ጠይቋል። የተሰጠው መልስ መንገዱ በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም እንዲሆን ታዟል የሚል ነበር። ቅሬታችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሥዕል ያለበትን ግድግዳና ባዶውን ግድግዳ የማይለይ ትእዛዝ ወጥቷል፤ ጥያቄ ቢነሣ እንኳ የሚጠየቅ ሰው በቦታው አልነበረም።

ይህች ከተማ የአደባባይ ሥራ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በራሷ ታሪክ ታውቃለች። በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ፋሽስት ጣሊያን ከተማዋን እንደያዘ ከቦታው አነሣው፤ ከነፃነት በኋላ ነው ተመልሶ የቆመው። በባቡር ጣቢያው ፊት የነበረው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ወደ ሮም ተወሰደ። የአክሱም ሐውልትም እንዲሁ ተጓዘና ከስንት ልመናና ክርክር በኋላ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ። ድንጋይና ነሐስ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ወራሪው ያን ያህል ባልደከመባቸው፣ እኛም ለመመለሳቸው ያን ያህል ባልጮኽን። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትም ዙሪያውን ባሉት የነሐስ ምስሎች የ1929 ዓ.ም.ን ጭፍጨፋ ያሳያል። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ በእናቱ እጅ ተይዞ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው የወደቁት ብሎ ይጠይቃል። እኛ የምናስተምራቸው ተማሪዎች የመጀመሪያውን የታሪክ ጥያቄ የጠየቁት የት እንደሆነ ስናወያያቸው ብዙዎቹ የሚጠሩት ሐውልት ወይም የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ሞልተው ቁልቁል የሚያዩትን መላእክት ያየ ሰው፣ ሕዝባችን ከግድግዳ መማርን ዛሬ እንዳልጀመረ ይረዳል።

የሠፈራችንን አጥር ከእነዚህ ጋር ለማስተካከል አይደለም ይህን የምናነሣው። የከተማዋ ትልልቅ ሐውልቶች ነገሥታትን፣ ጳጳሳትንና ሰማዕታትን ይዘዋል፤ የሸማኔውና የቆሎ ሻጯ መልክ ግን የሚገኘው እንደ እኛ ባሉ ሰዎች በተሣሉ አጥሮች ላይ ብቻ ነው። እነዚህ አጥሮች ሲጠፉ የሥራ ሰው ከከተማው ፊት ላይ ይጠፋል። ጠንከር ያለ አነጋገር ቢመስልም የምናምነው ይህንኑ ነው።

የአደባባይ ሥራ ፈጽሞ ከቦታው አይነካ የሚል አቋምም የለንም። መንገድ ይሰፋል፣ አጥር ይፈርሳል፤ እኛም በዚያው መንገድ ነው የምንሄደው። እንዴት ሊነሣ እንደሚችል ደግሞ ከዚሁ ከተማ ጥሩ ምሳሌ አለን። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል ከአደባባዩ ሲነሣ ሕዝቡ አስቀድሞ ሰምቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ተሰብስቦ በዓይኑ እያየ ነው የተነሣው። ሐውልቱ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ የት እንዳለ ማንም ያውቅ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። በዚያ ጊዜ ከሕዝቡ ብዙ ስጋትና ቅሬታ ቢሰማም ሥራው የተመዘገበ፣ ጠባቂ ያለውና የሚመለስበት ቦታ የታወቀ ነበር። በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም እንዲሁ፣ አዳራሹ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲከፈት በባለሙያ እጅ ተጠግኖ ነው ለዓይን የበቃው። ዕውቀቱም ልምዱም በአገራችን አለ ማለት ነው። የጎደለው ይህን ጥንቃቄ ከታላላቆቹ ሥራዎች አውርዶ ለሠፈር ሥራም የሚያደርስ ደንብ ነው።

ደንቡ ባለመኖሩ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሌላ ጉዳይ እንጨምር። ሁለት ወጣት ቀራፂዎች ከአሮጌ ባሌስትራ፣ ከማርሽና ከሰንሰለት በይደው ጭነት የተሸከመች አህያ ሠርተው በአንድ አነስተኛ የሕዝብ መናፈሻ አቁመው ነበር። ለሥራው ክፍያ አልተቀበሉም፤ ብረቱን ከጋራዥ ለምነው ነው ያሰባሰቡት። ልጆች ጀርባዋ ላይ እየወጡ የትከሻዋ ብረት ለስልሶ ያብረቀርቅ ነበር። የእግረኛ መንገዱ ሲታደስ አህያዋ በሎደር ተነቅላ ተወሰደች፤ ወዴት እንደተወሰደች ቢጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። ቀራፂዎቹ ለሁለት ሳምንት ሲያፈላልጉ ቆይተው መርካቶ ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት ክምር መሃል አንገቷንና ጭንቅላቷን አገኙ። ነጋዴው ምን እንደሆነ አላወቀም፣ ሊያውቅም አይችልም። በኪሎ ተመዝኖ ዋጋውን ከፍለው ይዘውት ሄዱ። ጭንቅላቷ ዛሬ ከሁለቱ በአንዱ ቤት በር ሥር ተቀምጧል። ይኸው ወጣት ከዚያ ወዲህ ለአደባባይ የሚሆን ሥራ አልሠራም፤ ለምን እንደሆነ ደግመን አልጠየቅነውም።

በተነሡት ሥራዎች ፋንታ የሚተከሉትን በተመለከተም የምንለው አለ። በእድሳት ላይ ባሉ መንገዶች ዳር የፋይበርግላስ እንስሳት፣ የፕላስቲክ አበባና ከውጭ የመጡ የመብራት ዛፎች ሲቆሙ እያየን ነው። እነዚህ በግንባታ ውል ውስጥ እንደ አንድ የዕቃ ዝርዝር ተካተው በተቋራጩ በኩል የሚገዙ ናቸው። የማንን ታሪክ እንደሚናገሩ፣ ማን እንደመረጣቸው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ፀሐይ ሲያነጣቸው ማን እንደሚጠግናቸው የተጻፈ ነገር አላየንም። እኛም እንወዳደር ብለን ስንቀርብ አንድ ጊዜ የተሰጠን የጨረታ ሰነድ የሥራ ተቋራጭነት ደረጃ፣ የሦስት ዓመት የሒሳብ ሪፖርትና የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ይጠይቅ ነበር። ሥዕል አስተምሮ በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ገደማ ካቋቋሙ ወዲህ ከዚያ ቤት በየዓመቱ ሠዓሊና ቀራፂ ይመረቃል። የመንግሥትን ገንዘብ አውጥቶ ያስተማረ ከተማ የተማሩትን ሰዎች በሰነድ በር ላይ መመለሱ ሊገባን አልቻለም።

የስም ጉዳይም አለ። በቅርብ ዓመታት በሕዝብ ቦታ የቆሙ ሥራዎችን ዞረን ስናይ የሠሪው ስም የተጻፈባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የመረቀው ባለሥልጣን ስም ግን በእብነ በረድ ተቀርጾ ይገኛል። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስሙን ያልጻፈው በትሕትና፣ ሥራውን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ ነው። ሌላ ሰው የሠዓሊውን ስም ሲተውበት ግን ያ ትሕትና አይባልም።

ሕጉን በሚመለከት፣ የምንጠይቀው አዲስ መብት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅና ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ በአንቀጽ 8 የሥራ አመንጪው የሞራል መብት እንዳለው፣ ስሙ እንዲገለጽለት የመጠየቅ፣ እንዲሁም ክብሩንና መልካም ዝናውን የሚነካ ማዛባት፣ መቆራረጥ ወይም መለወጥ በሥራው ላይ ሲፈጸም የመቃወም መብት እንዳለው ይናገራል። ይህ መብት ሥራው ከተሸጠ ወይም በስጦታ ከተሰጠ በኋላም ከሠሪው ጋር ይኖራል። አጥሩ የእኛ አይደለም፤ የግድግዳ ባለቤትነት ግን ግድግዳው ላይ ባለው ሥራ እንዳሻ ለማድረግ ሙሉ ፈቃድ አይሆንም። ይህ ሐሳብ በሌላ አገር ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈትኗል። በኒውዮርክ ክዊንስ ‹‹ፋይቭ ፖይንትዝ›› በሚባል ሕንፃ ላይ የነበሩትን የግድግዳ ሥዕሎች የሕንፃው ባለቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባባቸው። ሕንፃው የራሱ ነበር፣ ሊያፈርሰውም አቅዶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ለ21 ሠዓሊያን 6.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍል ወሰነበት። ጥፋት ሆኖ የተቆጠረበት አንዱ ነገር ሠዓሊያኑ ሥራቸውን አንሥተው ለማዳን ወይም ቢያንስ መዝግበው ለማስቀረት የሚያስችላቸውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ አለመስጠቱ ነው። እኛ ክስና ካሳ ፈልገን አይደለም የምንጽፈው፤ ያ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ቢሰጠን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድትፈጽሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በሥራ ላይ ባሉና ሊጀመሩ በታቀዱ መንገዶች ዳር የሚገኙ የግድግዳ ሥዕሎችና ቅርጻ ቅርጾች ተመዝግበው እስኪያልቁ ድረስ ቀለም የመቀባትና የመንቀል ሥራው በእነርሱ ላይ ብቻ ይቁም። ምዝገባውን በነፃ ለመሥራት ዝግጁ ነን፤ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ መለካት፣ የሠሪውን ስምና የተሠራበትን ዘመን መሙላት ከተማሪዎቻችን ጋር ሆነን በጥቂት ወራት ውስጥ የምንጨርሰው ነው።

አንድ ሥራ መነሣት ወይም መሸፈን ሲኖርበት ቢያንስ ከ60 ቀን በፊት ለሠሪው በጽሑፍ፣ ለሠፈሩ ሰው ደግሞ በሥራው አጠገብ በሚለጠፍ ማስታወቂያ ይገለጽ። ሊነቀል የሚችለው ይነቀልና ቦታው በመዝገብ ይታወቅ፤ ሊነቀል የማይችለው ከመጥፋቱ በፊት በሚገባ በፎቶግራፍ ይሰነድ።

ለአዳዲስ ሥራዎች ከግንባታ ጨረታ የተለየ፣ ሲፒኦና የተቋራጭነት ደረጃ የማይጠይቅ የውድድር መንገድ ይዘጋጅ፤ በመራጭ ኮሚቴውም ውስጥ ሠዓሊያንና የሠፈሩ ነዋሪዎች ይቀመጡ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከትምህርት ቤት ግንባታ ወጪ አንድ በመቶው ለሥነ ጥበብ ሥራ እንዲውል ደንግጋለች። ከተማችን ለመንገድ ዳር ማስዋብ ከምታወጣው ላይ ተመሳሳይ ድርሻ ቢመደብ ለፋይበርግላስ እንስሳት የሚከፈለው ገንዘብ ለዚሁ አገር ባለሙያ እንጀራ ይሆናል። በእያንዳንዱ ሥራ ላይም የሠሪው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ።

የትምህርት ቤቱን አጥር በሚመለከት፣ በዚያው ቦታ እንደገና እንድንሥል የጽሑፍ ፈቃድ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። የቀለምና የመወጣጫ ወጪ ከእናንተ ይሁን፤ የእጃችንን ዋጋ አንጠይቅም። የመጀመሪያው ሥዕል ንድፍ፣ ንድፉን ወደ ግድግዳው ለማሳደግ ካሬ የወጣበት ወረቀትና ከ200 በላይ ፎቶግራፎች በእጃችን አሉ። ከቆርቆሮዋ ሱቅ ኋላ የተረፈችው የእናታችን ቀኝ እጅ እስከዚያ ድረስ ሳትቀባ እንድትቆይ ለሥራ ተቋራጩ ዛሬውኑ በስልክም ቢሆን ትእዛዝ ይተላለፍልን።

ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ለማስረዳት በምትወስኑልን ቀን ከወረዳው የፈቃድ ደብዳቤ ቅጂ፣ ከፎቶግራፎቹና ከሠፈሩ ሽማግሌዎች ጋር እንቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በግድግዳ ሥዕልና በአደባባይ ቅርጻ ቅርጽ ሥራ የተሰማራን አሥራ አራት ባለሙያዎችን በመወከል
የሥዕል መምህርና የቡድኑ አስተባባሪ